ሌላ ሰው የጀመረውን ስትረከቡ

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ ልጆቼ፤

ዕድሜዬን በሕንፃ ሥራ ላይ አሳልፌአለሁ። ከወጣት መሐንዲሶች ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ የምሰማው ምኞት «የራሴ የምለውን ሕንፃ ከመሠረቱ ጀምሬ ማቆም» የሚል ነው። መልካም ምኞት ነው። ብዙ ጊዜ የሚደርሳችሁ ግን ሌላው ጀምሮ የተወው ሥራ ነው። ስለዚህ እጅግ ስለማከብረው መሐንዲስ፣ ስለ ቶማስ ሊንከን ኬሲ ላጫውታችሁ።

ዋሽንግተን የምትኖሩ ዘወትር የምታዩት፣ አገር ቤት ያላችሁም በፎቶ የምታውቁት ያ ነጭ የጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት የሮበርት ሚልስ ንድፍ ነበር። ሚልስ ያሰበው 183 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ግርጌው በዓምዶች የተከበበ ግንብ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1848 ተጀምሮ 46 ሜትር ያህል ከወጣ በኋላ በ1854 ገንዘብ አለቀ፤ የፖለቲካ ሽኩቻም ገባበት። ሚልስ በዓመቱ አረፈ። ግንቡ የእርስ በርስ ጦርነቱን ጨምሮ ለ25 ዓመት ያህል በጅምር ቀረ።

የጦር ሠራዊቱ መሐንዲስ ኬሲ ሥራውን ሲረከብ የድንጋዩ መሠረት የታሰበውን ከፍታ እንደማይሸከም ታውቆ ነበር። ጎኑ 24 ሜትር ብቻ ነው። አፍርሶ እንደገና መጀመር ይቻል ነበር፤ ብዙዎቻችንም የምንመርጠው ይህንኑ ነው። ኬሲ ግን ከ30 ሺህ ቶን በላይ የሚመዝነው ግንብ እንደቆመ ከሥሩ ገባ። አፈሩን በጠባብ በጠባቡ እያስቆፈረ፣ የተቆፈረውን በኮንክሪት እየሞላ ወደሚቀጥለው አለፈ። በአንዴ ሰፋ አድርጎ ቢቆፍር ኖሮ ግንቡ ባዘመመ ነበር። ሲጨርስ ከአሮጌው መሠረት ሥር 4 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ጎኑ 38 ሜትር የሚደርስ የኮንክሪት አልጋ ተዘርግቷል። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐውልቱ አንድ ክንድ እንኳ አልጨመረም። መንገደኛው ቀና ብሎ ሲያይ ምንም የተሠራ አይመስለውም። የኬሲን ትልቅነት የማየው እዚህ ላይ ነው።

የቀረው ፈጥኖ ሄደ። ከላይ የነበሩትን ጥራት የጎደላቸው የድንጋይ ረድፎች አስነሣ፤ አዲሱን ግድግዳ ቀጠን አድርጎ ክብደቱን ቀነሰ። የዓምዶቹ አዳራሽ ሳይሠራ ተተወ። ቁመቱም የጥንቶቹን የግብፅ ሐውልቶች ምጣኔ ተከትሎ የግርጌው ስፋት አሥር እጥፍ እንዲሆን ተወሰነ። በታኅሣሥ 1884 የአሉሚኒየም ጫፉ ሲቀመጥ 169 ሜትር ደረሰ፤ የኤፍል ማማ በ1889 እስኪበልጠው ድረስ የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ነበር።

ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ከቁመቱ ሩብ ገደማ ላይ ቀለሙ ይለያል። ከዚያ በላይ ያለው እምነበረድ ከሌላ የድንጋይ ካባ በመምጣቱ ነው። እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን ሚልስ የት እንዳቆመ ስለሚያሳይ እወደዋለሁ።

እናንተም ጅምር ሥራ ስትረከቡ የቀደማችሁን ባለሙያ ለማማት አትቸኩሉ፤ በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት። ንድፉን፣ የአፈር ምርመራውን፣ የተሞላውን ኮንክሪት የፍተሻ ውጤት አንድ በአንድ አንብቡ። ከሌለ አስመርምሩ። ባለቤቱ «ፎቁ መቼ ነው የሚወጣው?» እያለ ቢያስጨንቃችሁም፣ መሠረቱን በዓይናችሁ አይታችሁ በስሌት ሳታረጋግጡ አንድ ብሎኬት አታስጨምሩ።