ሁለት ኪሎ ርካሽ ቅቤ ወይስ አንድ ኪሎ ለጋ?

አንድ ኪሎውን ግዢ። «ደብረ ብርሃን ገበያ በአንድ ዋጋ ሁለት ኪሎ ርካሽ ወይም አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ አገኛለሁ፤ ለበዓል የቱ ያዋጣኛል?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ሁለቱ ኪሎ ምድጃ ላይ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ሆኖ አይቆይም።

ንጹሕ ለጋ ቅቤ ሲነጠር ሩብ ያህሉ ቢቀንስ ነው፤ የሚሄደውም ውሃና አሬራ ነው። ውሃ የጠጣ ወይም ሙዝ የተለወሰበት ግን ይንጣጣል፣ አረፋው አያባራም፣ ከሥር ያርራል። የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበት ደግሞ ብዙ ላይቀንስ ይችላል፤ ችግሩ መዓዛ የለውም፤ ወጡ ቅቤ ቅቤ እስኪል ጭልፋ በጭልፋ ትጨምሪበታለሽ። ለጋውን በኮሰረት፣ በኮረሪማና በእርድ ካነጠርሽው ለአንድ ድስት ሽሮ፣ ከመውጣቱ በፊት ጣል የምታደርጊው አንድ ማንኪያ ይበቃል። እንግዳው በሩ ላይ ሳለ ይሸተዋል።

ስትገዢ፦
1. ከመሃሉ አስቆርጠሽ አሽትቺ።
2. ቆንጥረሽ በጣትሽ አሟሚው፤ የሚጎረብጥ ወይም እንደ ሊጥ የሚያያዝ ከሆነ ተይው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በማለዳው ብርድ ሁሉም ቅቤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ደጉና ክፉው አይለይም። እኔ አንድ ፋሲካ ገና ሳይነጋ ወጥቼ፣ በኮባ የተጠቀለለ፣ ላዩ ወርቅ የመሰለ ቅቤ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስከፍለው መሃሉ ነጭ ልውስ ነበር፤ ዶሮው ደግሞ በየብልቱ ተቆራርጦ ቀርቧል። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው የምወጣው። ሻጯ አልቆርጥም ካለችሽ ወደሚቀጥለው መደብ እለፊ።