ስሎፑ 7/0 ሲወጣ ኢኩዌሽኑ ምን ይሆናል?

ልጅዎ በ(3፣ -2) እና በ(3፣ 5) የሚያልፈውን መስመር ኢኩዌሽን ጻፊ ተብላ ስሎፑ (የዋይ ለውጥ ለኤክስ ለውጥ ሲካፈል) 7/0 ሆነባት። «አንዲፋይንድ» (ትርጉም የለውም) ብላ ብትተወው ያስኬዳል ወይ ብለዋል።

አያስኬድም፤ የተጠየቀችው ኢኩዌሽኑን ነው። መልሱ ኤክስ = 3 ነው።

ቤት ለቤት ሒሳብ አስጠናለሁ። እዚህ ጋ የማይደናቀፍ ተማሪ ብርቅ ነው። የመስመር ቀመሩን ዋይ = ኤምኤክስ + ቢን (ኤም ስሎፑ ነው) እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል፤ ነጥብ ሲሰጣቸው ቀጥታ ወደ ስሎፕ ነው። እኔ ግን እርሳሳችሁን አስቀምጡና መጀመሪያ ነጥቦቹን እዩ እላለሁ። እዚህ ኤክሱ ሁለቱም ላይ 3 ነው። ዋይ ከ-2 ተነስቶ 5 ደርሷል። ስለዚህ መስመሩ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ፣ ላይም ይሁን ታች፣ ኤክሱ 3 ነው። ዋይ ኢኩዌሽኑ ውስጥ ያልገባው የፈለገውን ቁጥር መሆን ስለሚችል ነው።

«7/0 ኢንፊኒቲ አይደል እንዴ?» የሚል ጎበዝም አይጠፋም። እሱን ካልኩሌተር አስይዘዋለሁ። ሁለተኛውን ነጥብ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አድርገን (3.001፣ 5) ስንለው ስሎፑ 7000 ይወጣል። ወደ ግራ ስበን (2.999፣ 5) ስንለው ደግሞ -7000። ታዲያ መሃሉ ላይ የትኛውን እንያዝ? ሽቅብ ነው ቁልቁል? ከዜሮ ጋር ተባዝቶ 7 የሚሆን ቁጥርም እኮ የለም።

ዋይ = 3 ብለው የሚጽፉም አሉ። እሱ የተጋደመው መስመር ነው፤ ስሎፑ ዜሮ። (3፣ -2)ን ብትተካበት -2 = 3 ይላል፣ ወደቀ።

ፈተና ላይ ጥያቄው ተሸፋፍኖ ነው የሚመጣው። «ከዋይ አክሲስ ጋር ፓራለል ሆኖ በ(-4፣ 9) የሚያልፍ» ከተባለ ኤክስ = -4 ነው፤ 9ኙ ለማደናገር ነው የገባው። «ለዋይ = 6 ፐርፔንዲኩላር» ቢባልም ያው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ነው። የስሎፖቹ ብዜት -1 ይሆናል የሚለውን ሕግ ይዛ እንዳትደክም፤ አንደኛው መስመር ስሎፕ ስለሌለው እዚህ አይሠራም።

ስልክ ካላት ዴስሞስ (ግራፍ የሚስል አፕ) ላይ ኤክስ = 3 ብላ ትሞክረው። ከዚያ 3ቱን በ0 ትቀይረው። መስመሩ ዋይ አክሲሱ ላይ ልክክ ይላል። ቀጥ ብለው ከቆሙት መስመሮች ዋይ አክሲስን የሚነካው እሱ ብቻ ነው።