በበዓል ሰሞን «ገንዘብህን እጥፍ እናድርግልህ» የሚሉ ሰዎች፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

በዓል ሲቃረብ «ገንዘብ አስገባ፣ በየቀኑ ትርፍ እንከፍልሃለን» ስለሚሉ ሰዎች «ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ?» የሚል መልእክት ይበዛብኛል። ለእያንዳንዱ ከምጽፍ እዚሁ ልመልስ።

ለምንድነው በዓል ሲደርስ የሚብሰው?

ገንዘብ ስለሚንቀሳቀስ ነዋ። ቦነስ ይገባል፣ ዘመድ ይልካል፣ ወጪው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ ስለዚህ «ትንሽ ቢጨመርልኝ» የማይል የለም። ሌላም አለ። በበዓል ቀን ባንክ ዝግ ነው፣ ዋዜማ ማታ የላክኸውን ገንዘብ ለማስቆም የሚረዳህ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እነሱ ይሄን ከእኛ በላይ ያውቁታል። «የበዓል ስጦታ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ» የሚሉትም ለዚህ ነው።

በቀን 2 በመቶ ነው የሚሰጡት። ትንሽ ስለሆነ ያስኬዳል ብዬ ነበር።

ትንሽ? ካልኩሌተር አውጣ። በቀን 1 በመቶ፣ ትርፉ በትርፍ ላይ እየተደመረ ከሄደ፣ ገንዘብህ በዓመቱ ወደ 38 እጥፍ ይጠጋል። 2 በመቶ ከሆነ ከ1,300 እጥፍ ያልፋል። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው የአንተን ሳንቲም ምን ያደርግለታል? ቢትኮኔክት የሚባለው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ድርጅትም በቀን 1 በመቶ ገደማ እያለ ነበር ሰው የሰበሰበው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2018 ድርግም አለ።

እኔ ግን ገንዘብ አውጥቻለሁ፣ እጄ ገብቷል። አጭበርባሪ ቢሆኑ ይከፍሉኝ ነበር?

አዎ፣ ይከፍሉሻል። ቻርልስ ፖንዚ የሚባል አጭበርባሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ በቴምብር የሚቀየር የፖስታ ኩፖን እየነገድኩ በ45 ቀን 50 በመቶ አተርፍላችኋለሁ ሲል ለቀደሙት ከፍሏል፣ ከኋላ በመጡት ሰዎች ገንዘብ። የመጀመሪያዋ ክፍያ ማጥመጃ ናት። አንቺ ተከፈለሽ፣ ለእህትሽ ነገርሻት፣ እሷም ገባች። በነጻ ማስታወቂያ ሠራሽላቸው ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ አንድ የበዓል ዋዜማ ስልኩን ዘርግቶ አሳየኝ። በአረንጓዴ 8,400 ዶላር ይላል። ላም አለኝ በሰማይ! «እስቲ ሁሉንም አሁን አውጣው» አልኩት። ሲነካው «ለማውጣት በቅድሚያ 15 በመቶ ግብር ይክፈሉ» አለው። «ከራሱ ላይ ቆርጣችሁ የቀረውን ላኩልኝ» ብለህ ጻፍላቸው አልኩት። «ሲስተሙ አይፈቅድም» አሉት። ደግሞ ሲጠይቅ ከግሩፑ አስወጡት። ልጁ ለሁለት ቀን ከማንም ጋር አላወራም።

ታዋቂ ሰው በቪዲዮ ሲያስተዋውቀው አየሁ።

ፊትና ድምፅ ዛሬ በኮምፒውተር ይፈበረካል። ቪዲዮውን እንደ ማስረጃ አትቁጠረው።

ፈቃድ አለን ብለው ሰርተፍኬት ላኩልኝ። እንዴት ላጣራ?

የሰርተፍኬት ፎቶ ማንም ይሠራዋል። በዚያ ላይ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ሌላ፣ ከሰው ገንዘብ ሰብስቦ ኢንቨስት ለማድረግ ፈቃድ ማግኘት ሌላ ነው። የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ራስህ ጽፈህ ግባ፣ በላኩልህ ሊንክ በፍጹም አትግባ። የእነሱ ድረ ገጽ መቼ እንደተመዘገበም ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይቻላል። «የ10 ዓመት ልምድ አለን» እያለ ከተከፈተ ሁለት ወር ያልሞላው ከሆነ፣ በቃ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ተበልቻለሁ። አሁን አንድ ጠበቃ ነኝ የሚል ሰው በትንሽ ክፍያ አስመልስልሃለሁ አለኝ።

ወንድሜ፣ እንዳትከፍል! የተበሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ይሸጣል፣ ብዙ ጊዜም የሚደውለው ያው የበላህ ቡድን ነው። መጀመሪያ ባንክህን አሳውቅ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጋ አመልክት። ተናደህ ቻቱን አታጥፋው፣ ሁሉንም ስክሪንሾት አድርገህ ያዝ። የላክኸው ክሪፕቶ ከሆነ ማስመለሱ ከባድ ነው፣ ግን የዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) አድራሻውንና የዝውውሩን ቁጥር አስቀምጥ። «እንርዳህ» ብለው ስልክህን ከሩቅ የሚቆጣጠር አፕ አስጭነውህ ከነበረ እሱን አጥፋ፣ ፓስዎርዶችህን ደግሞ በሌላ ስልክ ቀይር።

እናቴ ገብታበታለች፣ ብነግራት ትቆጣኛለች።

አትከራከራት። «አጭበርባሪ ናቸው» ስትላት ለእሷ የሚሰማት «ሞኝ ነሽ» ያልካት ነው። ለበዓሉ ስትገናኙ አጠገቧ ቁጭ በልና «እማዬ፣ እስቲ ያለሽን በሙሉ አውጪው፣ ጥሩ ከሆነ ነገ መልሰሽ ታስገቢዋለሽ» በላት። ከወጣላት ጥሩ፣ ገንዘቧ እጇ ላይ ነው። ካልወጣላትም የሚሰጧትን መልስ የምታነበው ራሷ ናት።