የላንድክሩዘሩ የሂተር «ቲ» ማጣበቂያ አይፈልግም

ጥያቄ፦ የ2001 ስሪት ላንድክሩዘር 100 አለኝ። ሞተሩ ባለ 4.7 ሊትር ቤንዚን ነው፤ የኋላ ሂተርም አለው። ሰሞኑን ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ፣ ከሞተሩ ጀርባ የሂተር ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ፕላስቲክ ዙሪያውን ሮዝ ቅርፊት ይዟል። ኩላንቱ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) ግን ብዙም አልጎደለም። አንድ መካኒክ «ማጣበቂያ ቀብተን እንለፈው» አለኝ። ሌላው «ፕላስቲኩን ጥለህ ብራስ ግጠምበት» ይላል። መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ ኮረኮንች ላይ ናት። ሥራውን በራሴ እጅ ልሞክረው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ማጣበቂያውን ከነሐሳቡ ይተዉት። ያዩት ሮዝ ቅርፊት፣ ኩላንት ጠብ ጠብ ብሎ ከወጣ በኋላ ውሃው ሲተን የቀረው ቀለምና ኬሚካል ነው። ኩላንቱ ብዙ ያልጎደለው ስንጥቁ ገና ቀጭን ስለሆነ ነው። በጥሩ ጊዜ ነው ያዩት።

ይሄ ዕቃ በላንድክሩዘር 100 ባለቤቶች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። የኋላ ሂተር ባላቸው መኪኖች ላይ ሁለት የፕላስቲክ ቲዎች፣ ማለትም በ«T» ቅርጽ የተሠሩ የቱቦ መገናኛዎች፣ አሉ። አንዱ ከሞተር የሚመጣውን ሙቅ ውሃ ለፊትና ለኋላ ሂተር ያካፍላል። ሌላው ከሁለቱ የሚመለሰውን ሰብስቦ ወደ ሞተር ይልካል። የተቀመጡት ከሞተሩ ጀርባ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ አጠገብ ነው። እዚያ ንፋስ እምብዛም አይደርስም፤ ሙቀት ግን ሞልቷል። ፕላስቲኩ ከውጭ በሞተር ግለት፣ ከውስጥ በሙቅ ኩላንት ሲቀቀል ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚውለው ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ በፋይበር ግላስ የተጠናከረ ናይሎን ነው። አዲስ ሲሆን ጠንካራ ነው። ሙቅ ውሃና በኩላንት ውስጥ ያለው ግላይኮል ግን ቀስ በቀስ ውስጣዊ ትስስሩን ይበጥሱታል። ጥቁሩ ወደ ቡናማ ያደላል፣ መተጣጠፉ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል።

ማጣበቂያ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ስንጥቁን ቢደፍኑት ከጎኑ ያለውስ? ዕቃው በሙሉ ነው ያረጀው። በዚያ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በ1 ባር ገደማ ይበልጣል። ኩላንት የጠጣ ናይሎን ላይ ማጣበቂያ በደንብ አይዝም፤ ለጊዜው ቢይዝም የሚለቀው ሞተሩ በጣም ሲሞቅ፣ ማለትም ዳገት ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ሲሰበር የማስጠንቀቂያ ጊዜ አይሰጥም። አንገቱ ቀንጠስ ይላል፣ ፓምፑ ኩላንቱን በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ያፈሰዋል። የሞተርዎ ብሎክ ብረት ቢሆንም ቴስታታዎቹ (ብሎኩን ከላይ የሚከድኑት ክፍሎች) አልሙኒየም ናቸው። ያለ ኩላንት ትንሽ ከተነዳ ቴስታታ ይጣመማል፣ በቴስታታና በብሎኩ መካከል ያለው ጋስኬት ይቃጠላል። የሙቀት ጠቋሚውንም ብዙ አይመኑት። የሚለካው በዙሪያው ያለውን ኩላንት ነው፤ ኩላንቱ ካለቀ በአየርና በእንፋሎት ተከቦ ይቀራል። ያን ጊዜ ቀስቱ ሊወርድም ይችላል። ይልቅ ሂተሩ በርቶ እያለ ድንገት ቀዝቃዛ አየር መንፋት ከጀመረ፣ ወይም ጣፋጭ ሽታ ከሸተትዎ፣ ዳር ይዘው ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ።

አሁን ወደ ብራሱ። ሁለቱም ያስኬዳል። አዲስ ኦሪጅናል የፕላስቲክ ቲ ከገጠሙ እንደ ፊተኛው ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ልኩም ቦታውም አያስቸግርም። እኔ ግን ኮረኮንች ለሚበዛባት መኪና ብራስ እመርጣለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፦ ብራስ ሲያረጅ ያልባል እንጂ እንደ ፕላስቲክ ድንገት አይቆረጥም። ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ ልኩ። የሂተር ቱቦው የውስጥ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢሆንም የተነቀለውን ቲ ይዘው ይለኩ፣ በዓይን ግምት አይግዙ። ሁለተኛ የውስጥ ቀዳዳው። አንዳንዱ ብራስ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ይሄ ለኋላ ሂተር የሚሄደውን ውሃ ያሳንሰዋል። ሦስተኛ አንገቱ። ክብ ጎበጥ ያለ ከንፈር ያለው ይሻላል። ስለታም ጥርስ ያለው የቱቦውን ውስጥ ይፍቃል፣ በኋላ ለመንቀልም ያስለቅሳል።

የቤት ውሃ መስመር ላይ የሚገጠመውን ጋልቫናይዝድ ብረት ወይም ፒቪሲ እንዳይሞክሩ። ፒቪሲ በሞተር ሙቀት ይለሰልሳል። ጋልቫናይዙ ደግሞ የዚንክ ልባሱ ከኩላንት ጋር አይስማማም። «የዕድሜ ልክ» ተብሎ ለሚሸጠውም ጆሮ አይስጡ፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ አይነግሩዎትም።

ብራስ አንድ ጉድለት አለው፣ ይከብዳል። በቱቦ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ኮረኮንች ላይ ሲወዛወዝ የሂተሩን የብረት ቧንቧ ይጎትታል። ስለዚህ ቱቦው በፊት የተደገፈባቸውን መያዣዎች በሙሉ መልሰው ይሰሩ። የተሰበረ መያዣ ካለ ይተኩት። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎችም ይዩ። ጎማዎቹ ካለቁ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ሞተሩ ይዘላል፣ ቱቦዎቹን ይዞ። አዲስ ቲ ገጥሞ ይሄን ሳያዩ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው።

ቱቦዎቹስ? አብረው ይቀየሩ። ሁለቱንም ቲ፣ በዙሪያቸው ያሉትን አጫጭር ቱቦዎች፣ ክላምፖቹንም (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቶቹን)። እዚያው ግድግዳ ላይ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ የሂተር ቫልቭ አለ፤ ፕላስቲክ ከሆነና ዙሪያው ቅርፊት ከያዘ እሱንም ይጨምሩ። ኩላንት አንዴ ከወረደ በኋላ ድካሙ ያው ነው።

ቱቦው ከውጭ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው፣ በተለይ ከብረቱ ጫፍ አጠገብ። ከክላምፑ ትንሽ ወረድ ብለው በሁለት ጣት ይጫኑት። ከመሃሉ ይልቅ ጫፉ ከለሰለሰ፣ ወይም ሲጫኑት ቀጭ ቀጭ ካለ፣ አልቋል። ሲተኩ ለኩላንት ተብሎ የተሠራ ቱቦ ይጠቀሙ። የነዳጅ ቱቦ ጎማው ሌላ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ጥምዝ ያለበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ቱቦ አጥፈው ካስገቡ ይታጠፍና መንገዱን ይዘጋል፤ እዚያ ቅርጹ የተዘጋጀለትን ይግዙ።

ክላምፕ ላይ አስተያየቴ ብዙዎችን አያስደስትም። ፋብሪካው የሚገጥመው የስፕሪንግ ክላምፕ በካቻቢቴ ከሚጠብቀው ይሻላል። ጎማ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ እያደር ደግሞ ይሳሳል። ስፕሪንጉ አብሮት ይከተላል። ባለ ብሎኑ ግን ባጠበቁት ቦታ ይቆማል። ባለ ብሎን ከገጠሙ ውስጡ ለስላሳ የሆነውን ይምረጡ፣ ከመጠን በላይ አያጥብቁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም በቀዝቃዛ ሞተር ላይ መልሰው ያጥብቁት።

አሁን ሥራው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቀዝ፤ ማደሩ ይሻላል። በሙቅ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትን መቀቀል ነው። ክዳኑን ከፍተው ከራዲያተሩ ታች ባለው መክፈቻ ኩላንቱን በንጹሕ ሳፋ ያውርዱ። ሁሉንም ማውረድ አያስፈልግም፤ ከቲዎቹ በታች ከወረደ ይበቃል። በቅርቡ የተቀየረና ንጹሕ ከሆነ አጥልለው ይመልሱት። ሳፋውን ግን ሜዳ ላይ አይተዉት። ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ሕፃንም ውሻም ሊቀምሰው ይችላል።

ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በየቱቦው ላይ ቴፕ ለጥፈው «መሄጃ»፣ «መመለሻ»፣ «የኋላ» ብለው ይጻፉበት። ሁለቱን መስመሮች ካቀያየሩ ሂተሩ ይደክማል፣ ከዚያ ምክንያቱን ፍለጋ ሌላ ቀን ይጠፋል።

ሥራው የሚበላሸው በዚህ ቀጣይ ደረጃ ላይ ነው። ከግድግዳው የሚወጡት ሁለት ቧንቧዎች የሂተሩ ራዲያተር አካል ናቸው፤ ስስ ናቸው። አሮጌ ቱቦ ተጣብቆ ይይዛቸዋል። በፒንሳ ይዘው ከጠመዘዙ ቧንቧው ይጣመማል ወይም ከሥሩ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ክሩስኮቱ በሙሉ ሊወርድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አይጎትቱ፣ አይጠምዝዙ። ክላምፑን ወደ ኋላ ያንሸራቱ፣ ቱቦውን በርዝመቱ በስለት ይሰንጥቁትና እንደ ልጣጭ ገልጠው ያንሱት። ቱቦው ሊጣል ነው፣ አይዘኑለት። ስለቱ ቧንቧውን እንዳይጭረው ግን ቀስ ይበሉ፤ ጭረት የውሃ መንገድ ነው። ቧንቧውን በጨርቅ፣ ቅርፊት ካለው በስስ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት።

አሮጌው ቲ ሲነካ ሊፈረፈር ይችላል። ስብርባሪው በሚቀየረው ቱቦ ውስጥ ቢቀር ችግር የለም። በማይቀየረው ወይም በቧንቧው ውስጥ ከገባ ግን እንዳለ ያውጡት። ቲውን ጠረጴዛ ላይ መልሰው ቢገጣጥሙት የጎደለውን ያውቃሉ። አንዲት ቁራጭ የሂተሩን ጠባብ መንገድ ልትዘጋ ትችላለች።

አዲሱን ሲያስገቡ ቅባት፣ ግሪስ ወይም ዘይት አይጠቀሙ። የኩላንት ቱቦ ጎማ ከነዳጅ ዘር ቅባት ጋር ጠላት ነው፣ ያብጣል። ራሱን ኩላንቱን ወይም ውሃ ቀባ አድርገው ቢገፉት ይገባል። ቱቦው የአንገቱን ከንፈር በደንብ አልፎ ይቀመጥ። ክላምፑም ከከንፈሩ ወዲህ ይሁን፣ በላዩ ላይ አይደለም። ማሸጊያ ሲሊኮንም አያስፈልግም። ያለ ሲሊኮን የሚያልብ ከሆነ ወይ ልኩ ነው ወይ ክላምፑ።

አሞላሉ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የኋላ ሂተር ያለው መኪና አየር መያዝ ይወዳል። መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ በሚሆንበት ቦታ ያቁሟት። የፊቱንም የኋላውንም ሂተር ሙሉ ሙቅ ላይ ያድርጉ። ኩላንቱን ቀስ አድርገው ይሙሉ፣ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ እየጨመቁ። የሚገዙት አስቀድሞ የተቀላቀለ ከሆነ ውሃ አይጨምሩበት። ያልተቀላቀለ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ያድርጉት። ከዚያ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን ያስነሱ። ቴርሞስታቱ (ኩላንቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ቫልቭ) 82 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ደረጃው ድንገት ይወርዳል፣ ይጨምሩ። የአየር አረፋው ሲያበቃና ከፊትም ከኋላም ሙቅ አየር ሲወጣ ክዳኑን ይዝጉ። ከክሩስኮቱ ጀርባ የሚንቆረቆር ድምፅ ከሰሙ አየሩ ገና አልወጣም። በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው እንደገና ደረጃውን ይዩ፤ ትንሽ መጉደሉ አያስደነግጥም። የግፊት መፈተሻ ፓምፕ የሚያውስዎ ካገኙ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ነፍተው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። መርፌው ካልወረደ ጨርሰዋል።

ሩቅ መንገድ ስለሚሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። መኪናዋ ውስጥ አንድ ክንድ የሚሆን 16 ሚሊ ሜትር የኩላንት ቱቦ፣ ሁለት ባለ ብሎን ክላምፕና ካቻቢቴ ያስቀምጡ። መንገድ ላይ ቲ ቢሰበር ሞተሩ እስኪቀዝቅዝ ይጠብቁ። ከዚያ ከሞተሩ የሚወጣውን የሂተር መስመር በቀጥታ ከመመለሻው ጋር በዚያ ቱቦ ያገናኙት። ሂተር አይኖርዎትም፣ ሞተሩ ግን ይሠራል። በእጅዎ ኩላንት ከሌለ ንጹሕ ውሃ ይሙሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግን በጋለ ሞተር ላይ አያፍስሱ። ቤት ሲደርሱ ውሃውን አውጥተው ኩላንት ይመልሱ። የሚያልብን የሚደፍን ዱቄትም ከመኪናዎ ያርቁት፤ ከቲው ስንጥቅ ይልቅ የሂተሩን ጠባብ መንገድ ቀድሞ ሊደፍን ይችላል።