ለኢቫንጀሊየን መጨረሻ መጽሐፈ ሄኖክን አትግለጥ

ወንድሜ፣ ኢቫንጀሊየን የሚባለውን የጃፓን የሮቦት ካርቱን ጨርሰህ «የመጨረሻዎቹ ክፍል 25 እና 26 ላይ ሮቦቶቹ የት ገቡ? ሮቦት ነጂው ልጅ ሺንጂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲብሰለሰል ቆይቶ በመጨረሻ ሁሉም ያጨበጭቡለታል። ምን አመለጠኝ?» ብለሃል። ምንም አላመለጠህም። እኔ ይህችን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

1. ምስጢር አትቆፍር። እኔ መስቀሉን፣ አዳምን፣ «መላእክት» የሚባሉትን ጠላቶች ስም ሳይ «ይሄማ የኛው ቤት ነገር ነው» አልኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት፣ ሄኖክ ደግሞ የኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ከነሱ አንዱን ራሚኤልን እዚያ ሳገኘው በደስታ ዘለልኩ። ደብተር ገዝቼ በቀስት ሞላሁት። እናቴ ሄኖክ ሳነብ አይታ «ልጄ ተመለሰልኝ» ብላ ለጎረቤት አወራች። በኋላ ምክትል ዳይሬክተሩ ካዙያ ጹሩማኪ ምልክቶቹ ሃይማኖታዊ ትርጉም እንደሌላቸው፣ ያስገቧቸው ለዓይን ስለሚያምሩ ብቻ እንደሆነ መናገሩን አነበብኩ። ደብተሩ ላይ አሁን የአስቤዛ ሒሳብ እንጽፍበታለን።

2. ፊልሙን አታስቀድም። ፍላሽ የሚጭንልኝ ልጅ ከክፍል 24 ቀጥሎ መጨረሻውን በሌላ መልክ የሚያሳየውን የ1997ቱን (እ.ኤ.አ.) ፊልም ጭኖልኝ፣ ቀዩን ባሕርና ሺንጂ እንደሱ ሮቦት የምትነዳውን አስካን ሲያንቃት ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሄጄ ስነግረው «ካርቱን ለማየት እንዲህ ትጨቃጨቃለህ?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። ለቀሩት ሁለት ክፍሎችም እንደገና አስከፈለኝ! እስካሁን በዚያ መንገድ አላልፍም።

ሁለቱን ክፍሎች ሳገኝ ግን ነገሩ እዚያው ተጽፎ ጠበቀኝ። ክፍል 26 ሲጀምር የሁሉንም ሰው ልብ ለመተረክ ጊዜ ስለሌለ የሺንጂን ብቻ እናወራለን ይላል። ልቡ ውስጥ ነን ማለት ነው። ሮቦት ምን ይሠራል እዚያ?

ነጩን ባዶ ቦታ አስታውስ። ልጁ ይንሳፈፋል፣ ነፃ ነው፣ ግን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ከዚያ ከሥሩ አንድ መስመር ይሰመራል፤ መሬት አገኘ። ነፃነቱ ቀነሰ፣ መራመድ ግን ቻለ። እዚህ ጋ ቪዲዮውን አቆምኩት። ተመርቄ ሥራ ባጣሁበት ዓመት ሰው ሁሉ «ታድለህ፣ ነፃ ነህ እኮ» ይለኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ሂዴያኪ አኖ ራሱም ከዚህ ሥራ በፊት ለአራት ዓመት ምንም ማድረግ አቅቶት እንደነበር ጽፏል።

ጭብጨባው ድል አይደለም። አባቱ አልተለወጠም፣ ዓለም አልዳነችም። ልጁ «እዚህ መኖር እችላለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ፣ ለዚያች ብቻ ነው «እንኳን ደስ አለህ» የሚሉት። አብሯቸው ቤት የሚኖረው ፔንግዊን ሳይቀር።