ሴራ ወይስ ወሬ? ከጅማ አንባቢያን ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኛዎቹ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ «መንግሥታት በድብቅ ይህን ያደርጋሉ» እየተባለ የሚወራውን እንመን ወይስ እንተው? አምስቱን መርጠን መልሰናል። በውጭ አገር ለተፈጸሙት ነገሮች የአውሮፓውያንን ዘመን፣ ለአገር ውስጡ የራሳችንን ተጠቅመናል።

ጥያቄ (ከሄርማታ መርካቶ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰፈራችን ቡና ላይ ስንሰበሰብ ሁለት ወገን ሆነን እንከራከራለን። አንዱ ወገን «መንግሥት የተባለ ሁሉ፣ የኛም የውጭውም፣ ያለ ሴራ አያድርም» ይላል። ወንድሜ ደግሞ እንዲህ ሲወራ «የሥራ ፈት ወሬ!» ብሎ ሲኒውን አስቀምጦ ይነሣል። ማናቸው ልክ ናቸው?

መልስ፦ ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋል። ወንድምዎ ሲኒያቸውን ከማስቀመጣቸው በፊት ይህን ቢሰሙ ጥሩ ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በምትባል ከተማ አካባቢ፣ የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች፣ ለማነጻጸሪያ ደግሞ በሽታው የሌለባቸውን 201 ሰዎች ይከታተል ነበር። ሰዎቹ «መጥፎ ደም አለባችሁ፣ በነፃ እናክማችኋለን» ተብለዋል። የተፈለገው ግን በሽታው ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ማየት ነበር። በ1947 ገደማ ፔኒሲሊን የቂጥኝ መደበኛ መድኃኒት ሆነ፤ ለእነሱ ግን አልተሰጣቸውም። ነገሩ የቆመው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው። ፒተር በክስተን የተባለ የመሥሪያ ቤቱ የቀድሞ ሠራተኛ ለአለቆቹ ደጋግሞ አመልክቶ ሰሚ ቢያጣ ጉዳዩን ለጋዜጠኛ ሰጠ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የጥናቱ ውጤት ከ1936 ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ይታተም ነበር። ወረቀቱ ለማንም ሐኪም ክፍት ነበረ፤ ለረጅም ጊዜ የታጣው አንብቦ «ይህ ነውር ነው» የሚል ሰው ነው። ሌላም አለ፦ ዛሬ ታሪኩ ሲወራ «በሽታውን በመርፌ ወጉአቸው» ይባላል። ይህ ስሕተት ነው፤ የተስኪጊዎቹ ሰዎች ቀድሞውንም በሽታው ነበረባቸው። ሆን ብሎ ማስያዝ የተፈጸመው ከ1946 እስከ 1948 በጓቲማላ፣ በእስረኞች፣ በወታደሮችና በአእምሮ ሕሙማን ላይ ነው። እሱም አንዲት የታሪክ ተመራማሪ የአንድ ሐኪም የቆዩ ወረቀቶችን ስታገላብጥ አግኝታው በ2010 ይፋ ሆነ። ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ቀላቅሎ ማውራት የሟቾቹን በደል ያቀለዋል፤ አንዷ ዝርዝር ሐሰት ሆና ስትገኝ ጠቅላላው ሐሰት ነው የሚል ሰው አይጠፋምና።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1965 እና 1966 ወሎ ላይ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የረሃቡን ስፋት ሸሽጎ ነበር። ጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። ይኸው ደርግ ዓመት ሳይሞላው፣ ነሐሴ 1967፣ ንጉሡ በሕመም ምክንያት አረፉ ብሎ አስነገረ። አስከሬናቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በኋላ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የቀረበው ክስም ንጉሡ ተገድለዋል የሚል ነበር። የሌላውን ድብቅ ያጋለጠው አካል የራሱን 17 ዓመት ያህል ደብቆ ኖረ።

እንግዲህ የቡናው ወገን ትክክል ነው ማለት ነው? አይደለም። በሰነድ የተረጋገጡትን ተራ በተራ ቢያዩአቸው፣ አብዛኛዎቹ አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ጥፋት የሸፈነባቸው ናቸው። ቦታ አላቸው፣ ቀን አላቸው፣ የሚጠየቅ ባለሥልጣን አላቸው። ዓለምን በሙሉ አንድ ቡድን ከጀርባ ሆኖ ይዘውራታል የሚለው ወሬ ግን ከእነዚህ አንዱንም የለውም። ስለዚህ ማመንም አለማመንም በጅምላ አይሆንም።

ጥያቄ (ከቦሳ ኪቶ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ የዶርም ጓደኞቼ ሰው ጨረቃ ላይ አልወጣም፣ ፊልም ነው ይሉኛል። ስለ ጨረቃው መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ አስባለሁ፤ የምጠይቃችሁ ግን ማንኛውንም ወሬ ለመመዘን ከየት እንደምጀምር ነው።

መልስ፦ ወረቀት ያውጡና ወሬውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ መቼ፣ የት። ብዙው ወሬ ገና እዚህ ላይ ይወድቃል፤ «እነሱ» የሚለው ቃል ወደ ስም አልቀየር ይላል። የተጻፈልዎት ከሆነ ከሥሩ እነዚህን ይመልሱ፦ ነገሩ እንዲሳካ ስንት ሰው ማወቅ ነበረበት? ስንት ዓመት ዝም ማለት ነበረባቸው? አንዱ ቢናገር ማን ይጠቅመዋል? ወጪው በየትኛው መዝገብ አለፈ?

መንግሥት ምስጢር መጠበቅ አይችልም እያልን አይደለም። መስከረም 4 ቀን 2013 አዲሶቹ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች እስኪታወጁ ድረስ ሕዝቡ አልሰማም። ያ ሊጠበቅ የቻለው የሚያውቀው ሰው ውስን፣ ጊዜው አጭር ስለ ነበረና መጨረሻው ላይ ባለቤቱ ራሱ ይፋ የሚያደርገው ነገር ስለ ሆነ ነው። ጨረቃን በዚሁ ሚዛን ያስቀምጡት። በአፖሎ ሥራ ላይ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ተሳትፏል፤ በስድስት ጉዞ 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር መጥቶ በብዙ አገር ላቦራቶሪዎች ተመርምሯል፤ ጨረቃ ላይ የተተከሉት መስታወቶች ዛሬም ከምድር የሚላክ የሌዘር ብርሃን ይመልሳሉ። ከሁሉም በላይ ውሸት ቢሆን ለማጋለጥ ከማንም ይልቅ የምትጓጓው ሶቪየት ኅብረት ነበረች፤ አላስተባበለችም።

ስለ ገንዘቡ መዝገብ የጠየቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በ1953 ኤምኬ አልትራ የተባለ ፕሮግራም ጀምሮ፣ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ሰዎች ላይ ኤልኤስዲ የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ሞክሯል። በ1973 የድርጅቱ ኃላፊ ፋይሎቹ እንዲጠፉ አዘዙ። በ1977 ግን 20,000 ገደማ ሰነድ ተገኘ፤ የሒሳብ ሰነዶች ሌላ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ስለ ነበር ከጥፋቱ ተርፈዋል። ፋይሉን ያጠፉት ሰዎች ደረሰኙን ረስተውት ነበር።

በመጨረሻም «ምን ባገኝ ሐሳቤን እቀይራለሁ?» ብለው ይጻፉ። ጓደኛዎ «ማስረጃው አለመገኘቱ ራሱ እንደደበቁት ያሳያል» ካለ፣ ማስረጃ ቢገኝም ባይገኝም የማይነቃነቅ ነገር ይዟል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ሌሊቱን ቢያድር ፍሬ የለውም።

ጥያቄ (ከሰቃ ጮቆርሳ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ)፦ ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ስንሰጥ «ፈረንጆች ዘራችንን ሊያመክኑ ነው» የሚሉ እናቶች አሉ። ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያስቀራሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እኅታችን፣ አስቀድመው ጥርጣሬያቸውን አይናቁባቸው። በ2011 ሲአይኤ ኦሳማ ቢን ላደንን ሲያሳድድ በፓኪስታን አቦታባድ ከተማ የሄፓታይተስ ቢ የክትባት ዘመቻ ለስለላ መሸፈኛ አድርጓል። በ2014 የአሜሪካ መንግሥት ዳግመኛ ክትባትን ለስለላ እንደማይጠቀም ቃል የገባው ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው፤ በዚያች አገር የፖሊዮ ክትባት የሚሰጡ ሠራተኞች ተገድለዋል። ይህ እጅግ የሚያስቆጣ ጥፋት ነው፤ እናቶቹ ከሰሙት «ውሸት ነው» አይበሉአቸው። በዚያው ልክ ደግሞ ወሬው ራሱ የመንግሥት ሥራ የሆነበት ጊዜ አለ፦ ኤድስን አሜሪካ በላቦራቶሪ ሠራችው የሚለውን ወሬ ከ1983 ጀምሮ ያሰራጨው የሶቪየት የስለላ ድርጅት ኬጂቢ ነበር።

ከዚያ በእጅዎ ያለውን ያሳዩአቸው። ጠርሙሷን ሰጥተዋቸው የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡላቸው። ከላይዋ ያለውን የሙቀት ጠቋሚ ያሳዩአቸው፦ በክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን ከክቡ የነጣ ከሆነ ክትባቱ አልተበላሸም፤ ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ከበለጠ ጠርሙሷ ትወገዳለች። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ እንዳለበት፣ በየቀኑም ሙቀቱ እንደሚመዘገብ ቅጹን አምጥተው ያሳዩ። በአገራችን ይህ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረ ነው፤ ያኔ የተከተቡት ዛሬ ትልልቅ ሴቶች ናቸው። በቀበሌዎ ከእነሱ መካከል ወልዳ የምታሳድግ ካለች፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ እናቶቹን እሷ ታነጋግራቸው። ከፖስተር ይልቅ የጎረቤት ልጅ ትታመናለች። አንድ ስሕተት ግን ይጠንቀቁ፦ ክንድ ላይ ሕመምና ትኩሳት ሊኖር እንደሚችል ሳይነግሩ ከሰጡ፣ ማታ ልጅቷ ስታተኩስ ወሬው እውነት ሆኖ ይታያቸዋል።

ጥያቄ (ከመንደራ ቆጪ)፦ በቴሌግራም ማኅተም ያለበት «ምስጢራዊ» ደብዳቤ ደረሰኝ። የአንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ነው ይላል፤ ሰፈሩ በሙሉ ተረብሿል። እውነተኛ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ የላከልዎትን ሰው በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋል። ከዚያ አጉልተው ማኅተሙን ይመልከቱ። በእጅ የተመታ ማኅተም ቀለሙ አንድ ቦታ ይደምቃል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፤ ፊርማና ጽሑፍ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ያለው መስመር ይታያል። ከሌላ ደብዳቤ ተቆርጦ የተለጠፈ ከሆነ ጠርዙ ላይ ነጭ ጥላ ይኖራል፣ ወይም ከሥሩ ያሉት ፊደላት ድንገት ይቆረጣሉ። ቀኑና ቁጥሩ የተጻፈበት ፊደል ከቀረው የተለየ መሆኑንም ይዩ፤ አሮጌ ደብዳቤ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚነካው እሱ ነው።

ቀጥለው አካሉን ያንብቡ። የደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ቲተር፣ ግልባጭ የሚደረግላቸው ክፍሎች አሉ? ቀኑ እሑድ ወይም በዓል ላይ አልዋለም? የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከጅማ ከተማ መሥሪያ ቤት ወጣ የተባለ የውስጥ ደብዳቤ በአማርኛ ብቻ ከተጻፈ ለምን ብለው ይጠይቁ። ይህ ብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ግን ለአንባቢ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል።

ቁርጡን የሚነግርዎት መዝገብ ቤት ነው። ወጪ የሆነ ደብዳቤ ሁሉ በቁጥሩ ይመዘገባል። ቁጥሩንና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፈው በአካል ይሂዱና «ይህ ቁጥር በዚህ ቀን ወጥቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይዘቱን እንዲነግሩዎት አይጫኑ፤ ስለ ቁጥሩ ብቻ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ይቀላል። እስከዚያው ወደ ሌላ ግሩፕ አያስተላልፉት። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ መንግሥት የደበቀው ነገር አለ ብዬ ብጠረጥር፣ ከመጠርጠር ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ይጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ስለ መረጃ የማግኘት መብት የሚደነግግ ክፍል አለው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጥያቄ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ ያቅርቡ። «ስለ መንገዱ ያላችሁን መረጃ ሁሉ ስጡኝ» ካሉ ያጉላሉዎታል፤ «የዚህ መንገድ ውል የተፈረመበት ቀን፣ የውሉ ዋጋና እስካሁን የተከፈለው» ብለው ቢጠይቁ ግን መሸሻ ያጥራል። ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ፤ በአንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስመትተው ይያዙት። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከከለከሉዎት ወይም ዝም ካሉዎት ያንኑ ኮፒ ይዘው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመልክቱ። ጉዳዩ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት አስቀድመው ያንብቡ፤ የሚፈልጉት ነገር እዚያ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።