ማዕቀብ ይጣላል፣ አድማ ይመታል

ጥያቄ፦ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ በተባሉት ጾታ ራሳቸውን የማይጠሩ ሰዎች) መብት የተደረገ ክርክር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱ ወገን አንድን ኩባንያ «ቦይኮት» አድርጓል፤ ዕቃውን አንገዛም ብሏል። ሌላው «ይሄ ነፃ የሐሳብ ገበያን መዝጋት ነው» ይላል። ቦይኮትን «ማዕቀብ» ብየዋለሁ። ልክ ነኝ? «ትራንስጀንደር»ንስ ምን ልበለው? ስለ አንዷ ትራንስጀንደር ተከራካሪ ስጽፍስ «አለ» ልበል ወይስ «አለች»?

መልስ፦ ማዕቀብ ላይ ትዕግሥት የለኝም፣ ከእሱ ልጀምር። ቃሉ ከግእዙ ዐቀበ ይወጣል፤ ጠበቀ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግም የዚሁ ዘር ነው። ግሱን ይዩት፦ ማዕቀብ ይጣላል። የሚጣል ነገር ደግሞ ከላይ ነው የሚመጣው። መንግሥት ይጥላል፣ የጸጥታው ምክር ቤት ይጥላል። «ይሄን ሳሙና አልገዛም» ያለች ሴትዮ ግን ምን ጣለች? ገንዘቧ ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ፣ በቃ።

«ቃሉ ሰፍቷል፣ አታካብድ» የሚሉኝ አሉ። ሰፍቷል። ግን ማዕቀብ ካልን ገዢዋን ባለሥልጣን አደረግናት፤ ክርክሩ ሳይጀመር ተፈረደባት።

እኔ አድማ እላለሁ። የሥራ ማቆም አድማ አለን፣ የረሃብ አድማ አለን፤ «የግዢ አድማ» ምን ይጎድለዋል? አድማ ይመታል፣ የሚመቱትም ከታች ያሉት ናቸው። አደመ ውስጥ የዱለታ ሽታ እንዳለ አልክድም።

«ቦይኮት» የሚለው ቃል ታሪክም ለእኔ አያደላም፤ ቃሉ የመጣው ከሰው ስም ነው። ቻርልስ ቦይኮት በአየርላንድ፣ ማዮ ውስጥ የአንድ ባለርስት ወኪል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ከጭሰኞቹ ጋር በኪራይ ተጣላ። ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ፣ ባለሱቆች አንሸጥልህም አሉት፣ ደብዳቤ የሚያደርስለት ጠፋ። አዝመራውን የሰበሰቡለት ከሌላ ቦታ በወታደር ታጅበው የመጡ 50 ያህል ሰዎች ናቸው። ይህ ንጹሕ ማግለል ነው። ስለ ምርጫም «ራሳቸውን አገለሉ» እንላለን። በማስረጃ ከሄድን እንግዲህ «ማግለል» ያሸንፋል። እኔ ግን አድማን እወዳለሁ።

«የሐሳብ ገበያ» ለአማርኛ ባዕድ አይደለም። ዕውቀት ገበየ፣ ትምህርት ሸመተ ስንል ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ1919 የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በልዩነት ሐሳቡ ያነሳው ይህንኑ ነው፦ ሐሳብ በገበያ ፉክክር ይፈተን። ሐረጉን እንዳለ ግን እሱ አልጻፈውም። ለማንኛውም ነፃን ከቦታዋ አያናውጧት። «የነፃ ሐሳብ ገበያ» ካሉ በነፃ የሚታደል ሐሳብ ይመስላል።

ገበያ ከተባለ ደግሞ አለመግዛትም ግብይት ነው። ልዩነቱን ግሱ ራሱ ይናገራል። «አልገዛም» አንድ ነገር ነው። «አትግዙ» ቅስቀሳ ነው። «እንዳትሸጡለት» ሲመጣ ግን ወደ ማዮ ተመለስን። ተከራካሪዎቹ የትኛውን እንዳሉ ለይተው ይተርጉሙ፤ ግማሹ ጠብ እዚያ ነው ያለው።

«ጾታ ቀያሪ» የሚለውን ይተዉት። አንዱ ወገን «ጾታ አይቀየርም» ይላል፣ ሌላው «አልቀየርኩም፣ ድሮም ይሄው ነኝ»። ሁለቱም የማይቀበሉት ትርጉም ለማን ነው? (በነገራችን ላይ ጾታ በግእዝ ክፍል፣ ወገን ማለትም ነው፤ «ጾታ ምእመናን» እንዲሉ።) የባዕድ ቃል ባልወድም «ትራንስጀንደር» ብለው ይጻፉ።

አለ ወይስ አለች? «አሉ ብለህ ተገላገል» የሚል ምክር ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ እሳቸው ጾታ አይለይም። ግን የ19 ዓመት ልጅን አንቱ ማለት ሽሽት ነው። ደግሞስ የእኛ ግስ መቼ በገላ ብቻ ሄደ? ወንዱን ልጅ ስናቆላምጠው «ነይ» እንላለን፤ ያው «ነይ» ለጎልማሳ ስድብ ነው። ስለዚህ በራስዎ ትረካ ውስጥ ሰውየዋ ራሷን በምትጠራበት ይጻፉ፦ አለች። ተቃዋሚዋ «እሱ» ካላት ደግሞ አያርሙለት፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ። አፉ የእሱ ነው።

ባለፈው ሬዲዮ ስሰማ ዜና አንባቢዋ «ሸማቾች ማዕቀብ ጣሉ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ተማሪዎቼ ጽፈውታል፣ ቀይ እስክሪብቶዬም ሰንፏል። ቃሉ ገብቷል መሰለኝ። እኔ ግን አልጥልም።